«አታምነኝም ወይ?»

ሎስ አንጀለስ፤ ፌርፋክስ ጎዳና። በ2002 (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ በይፋ በተሰየመችው በዚህች ሠፈር፣ ቡና በቀረበበት ሁሉ አንድ ወሬ ይነሳል። «እገሌ እኮ ዲግሪ አለው፤ እስከ ዛሬ ግን የሰው መኪና ያቆማል።»

ይህ ጸሐፊም የዚሁ ወሬ ባለቤት ነበር። የጋዜጠኝነት ብዕሩን ሰቅሎ፣ በባዕድ አገር ያገኘውን ዲግሪ ሻንጣው ውስጥ ከትቶ፣ በአንድ ሆቴል የሌሊት ገንዘብ ተቀባይ ሆነ። አንድ ንጋት ሒሳብ ሲዘጋ 14 ዶላር ጎደለው። ከኪሱ ሊሞላ ሲል አለቃው ደረሰ። «ማን ወሰደው?» አላለም፤ «የትኛው ደረሰኝ ላይ ነው?» አለ። ወረቀት ከወረቀት ሲያመሳክሩ አንድ ቁርስ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ተገኘ። ጉድለቱ ከኪስ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስህተቱ ሳይታወቅ በየሌሊቱ ይደገም ነበር።

የሥራ አመራር ቁጥጥር የሚባለው ትምህርት ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው፦ ማቀድ፣ የሆነውን መመዝገብ፣ በእቅዱና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት መጠየቅ፣ ማረም። የሚመረመረው አሠራሩ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም።

እኛ ዘንድ ግን ቆጠራ የጠየቀ ሰው መልሱ «አታምነኝም ወይ?» ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነንና፣ ቁጥጥር ማለት ሌባ ማሳደድ ይመስለናል። ለመሆኑ እድራችንን ረሳነው? እድር ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ገንዘቡን የያዘው እጅ መዝገቡን አይጽፍም። ይህንን የደነገጉልን አባቶቻችን ሐርቫርድ አልገቡም።

ትልቁ ምስክራችን ደግሞ አየር መንገዳችን ነው። በ1945 ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቁሞ በ1946 ወደ ካይሮ ሲበር፣ አመራሩ የአሜሪካውያን ነበር። ኢትዮጵያዊው ከሥር ሆኖ ጥገናውን፣ በረራውን፣ ሒሳቡን ተማረ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሥራው በአንድ ሰው ጭንቅላት ሳይሆን በመዝገብና በሥርዓት ላይ የቆመ ስለነበር፣ መንግሥት ሲገለበጥ እንኳ ድርጅቱ አልፈረሰም። ደርግ ሶሻሊዝምን በሚሰብክበት በ1984 ቦይንግ 767 የተረከበው ይኸው ድርጅት ነው።

እዚያ የሠለጠነ ሙያ ድንበር አያግደውም። አቶ ግርማ ዋቄ በአየር መንገዱ አድገው፣ በጋልፍ ኤርና በዲኤችኤል ሠሩ፤ በ2004 ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆነው ተመለሱ፤ በኋላም የሩዋንዳ አየር መንገድ የቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። ሰው አገር የሚፈለገው ዲግሪው ብቻ አይደለም፤ አንድን ሥራ ከነወጪው አውቆ ለሌላው ማሳየት የሚችል ሰው ነው።

እስቲ ወደ ፌርፋክስ እንመለስ። ባለቤቷ ገበያ ትወርዳለች፣ ወጥ ትሠራለች፣ ገንዘብ ትቀበላለች፤ ማታ የቀረውን ቆጥራ «ተመስገን» ትላለች። አንድ በያይነቱ ስንት እንደሚያወጣባት ብትጠየቅ ግን ትገምታለች እንጂ አታውቅም። የእህቷ ልጅ ሒሳብ ተምሮ በሌላ ድርጅት ይሠራል፤ የራሷን መዝገብ ግን አታሳየውም። እሷ የታመመች ቀን ቤቱም አብሮ ይታመማል።

ስለዚህ የሁለቱም መድኃኒት አንድ ነው። እቴቴ፣ መዝገቡን ለልጁ ክፈቺለት። ጤፉ፣ ሥጋው፣ ኪራዩ፣ የሠራተኛው ደመወዝ ለየብቻ ይጻፍ፤ የራስሽም ድካም ዋጋ ይውጣለት። ወንድሜ፣ አንተም የቆምክበትን ቦታ አትናቀው። መኪና ማቆሚያው በሰዓት ስንት መኪና እንደሚያስተናግድ፣ ገቢው የት እንደሚፈስስ ቆጥረህ ለአለቃህ በአንድ ገጽ ጽፈህ ስጠው። ጽሕፈት ቤት ውስጥ ወንበር የሚገኘው እንዲህ ነው፤ የጎደለውን የምሥክር ወረቀትም በማታ ትምህርት ማሟላት ይቻላል።

ነገ አገር ቤት የሚገባው ሰው ምን ይዞ ይገባል? ዶላር ያልቃል። «አታምነኝም ወይ?» ሳይል መዝገቡን የሚዘረጋ ሰው ግን፣ አገር የምትፈልገው እሱን ነው። ልብ ያለው ልብ ይበል።