የፖል ቡጢ ዋጋ

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ፕሌይስቴሽን ቤት ነበረች። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። አብዛኛው ልጅ ኳስ ነው የሚጫወተው፤ እኔ ጥግ ያለችው ቴሌቪዥን ላይ ቴከን 3 የተባለው የትግል ጌም እስኪከፈት እጠብቃለሁ። ኤዲ የተባለውን ተፋላሚ መርጬ የእርግጫ ቁልፎቹን ያለ ዕረፍት እቀጠቅጣለሁ። ኤዲ የብራዚሎቹን ካፖዬራ ስለሚጫወት እግሩ መሬት አያርፍም፤ ብዙ ልጅ አሸንፌበታለሁ።

አንድ ቀን ከእኔ በሦስት ዓመት የሚበልጥ የጎረቤታችን ልጅ ፖል የተባለውን ተፋላሚ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ስራገጥ እሱ ዝም ብሎ ይከላከላል። ኤዲ እግሩን ሲያሳርፍ አንድ ቡጢ፤ የደም መስመሬ ሲሶው ይጠፋል። ደግሞ ይጠብቃል፣ ደግሞ አንድ ቡጢ። ዙሩ ሲያልቅ «ወደ ኋላ ያዝና ሰውዬው መትቶ እስኪጨርስ ጠብቀው እንጂ» አለኝ። ያን ቀን የነገረኝን በቁጥር የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የትግል ጌም በሰከንድ 60 ምስል ያሳያል፤ አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በቴከን ፈጣኑ ምት፣ ጃብ የሚሉት አጭር ቡጢ፣ 10 ፍሬም ይፈጅበታል፤ የሰከንድ አንድ ስድስተኛ መሆኑ ነው። የሰው ዓይን አይቶ ጣቱ እስኪታዘዝ ግን ወደ 15 ፍሬም ያልፋል። ስለዚህ ጃብን አይቶ የሚከላከል ሰው የለም፤ ቀድሞ መጠበቅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ምት ጉልበትም ቢጨመርለት ጌሙ ያበቃለት ነበር። ለዚህ ነው ጃብ ቀላል የሆነው፤ ከላይ ስለሚመጣም ጎንበስ ያለ ሰው ያመልጠዋል። ጎንበስ ያለውን ደግሞ ዘግየት ብሎ በመሃል የሚመጣው ምት ያገኘዋል።

የፖል ቡጢ ከእነዚህ የመሃል ምቶች አንዱ ነው። ካገኘ ያደቃል። ከተከለከለ ግን ፖል ክንዱን ዘርግቶ ደርቆ ይቀራል፤ ተከላካዩ ከ15 ፍሬም በላይ ቀድሞ ይነሳል፤ ያ ደግሞ ብዙዎቹ ተፋላሚዎች ባላጋራቸውን አየር ላይ ለማንሳት የሚበቃቸው ጊዜ ነው። ያ ልጅ ቡጢዋን አልፎ አልፎ ብቻ የሚለቃት ዋጋዋን ስለሚያውቅ ነበር።

ሚዛን የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፤ የሚለካውም በጣም በጥቃቅን ነው። አንድ ምት ተከልክሎ 10 ፍሬም ካዘገየህ በጃብ ትቀጣለህ። 9 ብቻ ካዘገየህ ማንም አይደርስብህም። በአንዲት ፍሬም ልዩነት፣ በሰከንድ አንድ ስልሳኛ፣ ሰዎች የሚፈሩት ምት ሰዎች እንደ ልባቸው የሚወረውሩት ይሆናል። አዲስ ማሻሻያ ሲወጣ ተጫዋቾች የምቶቹን የፍሬም ሠንጠረዥ ፊደል በፊደል የሚያነቡት በከንቱ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ቴከን 8 ሚዛኑን ወደ አጥቂው አዘነበለ። ሂት በተባለው አዲስ ሥርዓት ውስጥ ሆኖ የሚመታ ሰው ምቱ ቢከለከልበት እንኳ ከተከላካዩ ደም ይቀንሳል። በ2025 ሚያዝያ ሁለተኛው ምዕራፍ ሲመጣ ይህ ባሰ፤ ተጫዋቾች ጮኹ፤ አዘጋጆቹም የሚያርም ማሻሻያ ለማውጣት ተገደዱ። የጮኹት ልክ ነበሩ እላለሁ። በትክክል የተከላከለ ሰው ተራውን ካላገኘ ለምን ብሎ ይከላከላል? ደግሞ ይህን ጌም ያስከበሩት ሰዎች እነማን ናቸው? የላሆሩ አርስላን አሽ በ2019 በጃፓንም በአሜሪካም ኢቮ የተባለውን የትግል ጌም ውድድር የቴከን 7 ዋንጫ ሲወስድ ሰውን ያስደመመው በመከላከሉ ነው። ትንሽ ወደ ጎን ይላል፣ የባላጋራው ምት አየር ይመታል፣ ከዚያ በኋላ ነው እሱ የሚመታው።

አሁን ቤት ውስጥ ከእህቴ ልጅ ጋር እጫወታለሁ። አሥር ዓመቱ ነው፤ እንደ እኔው ኤዲን ይወዳል። ባለፈው ቅዳሜ ፖልን ይዤ ቡጢዋን ለቀቅኩበት። ከለከላት። «አጎቴ፣ አሁን የእኔ ተራ ነው አይደል?» ብሎ ዞር አለና አየኝ፤ እስኪጠይቀኝ ድረስ 15 ፍሬሟ አለፈች። በሁለተኛው ዙር አልጠየቀኝም።