አዲሷ ደብል ጋቢና እና የቸርችል ዳገት

ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣው የቸርችል ጎዳና ዳገት አዲስ ፒክአፕ ለገዛ ሰው ጥሩ መፈተሻ ነው። ዳገቱ መሐል ቆም ብሎ፣ የእጅ ፍሬን ስቦ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ መነሳት ብቻ ብዙ ነገር ያሳብቃል። ፍሪሲዮኑ ይንሸራተት እንደሆነ፣ የእጅ ፍሬኑ ይይዝ እንደሆነ፣ ከሥር የሚንቀጠቀጥ ነገር ካለ እዚያው ይታወቃል። ላይ ድረስ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለተቀመጠች ሞተሩ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር እዚህ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ የሚተፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር ግን በዚህ ከፍታ ማመካኘት የለበትም። ካቃሰተ ሌላ ነገር አለበት።

አደባባዩ ላይ የቆመው የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ይህን ሁሉ ፈተና ከታች ሆኖ ያያል። እውነተኛውን መድፍ ጋፋት ላይ ለአፄ ቴዎድሮስ የሠሩት አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች የዋስትና ወረቀት አልፈረሙም፤ ዋስትናው አንገታቸው ነበር። 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ያደረሰውም የሰው ትከሻና ክንድ ነው። በ1960 ዓ.ም.፣ ከመቶ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፣ ጃፓን ውስጥ የመጀመሪያው ሃይሉክስ ለገበያ ወጣ። ዛሬ አገራችን ውስጥ የግንባታ ቦታ፣ የእርሻ ልማት፣ የእርዳታ ድርጅትና የወረዳ ጽሕፈት ቤት ያለ ፒክአፕ አይታሰብም። ሃይሉክስ፣ ዲ ማክስ፣ ናቫራ፣ ኤል 200፣ ሬንጀር፤ ስማቸው ይለያይ እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው። ከሥር መሰላል የመሰለ ወፍራም ሻንሲ አለ፤ በላዩ ጋቢናውና ካሶኒው ለየብቻ ይታሰራሉ፤ ከኋላ አብዛኞቹ አንድ ቶን ገደማ ጭነት እንዲሸከም የተሠራ ባሌስትራ አላቸው።

ይህን አጥንት ያላወቀ ገዢ ጤነኛውን መኪና በሽተኛ ያደርገዋል። በአዲስ ደብል ጋቢና ላይ የሚሰማው የመጀመሪያው ስሞታ «ኋላው ይዘላል» የሚል ነው። ቢዘል አይገርምም፤ አንድ ቶን ሊሸከም የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ሲሄድ አይተጣጠፍም። አራት ኩንታል ሲጫንበት ይረጋል። ሁለተኛው ስሞታ ከፎር ዊሉ ጋር የተያያዘ ነው። አብዛኞቹ ፒክአፖች አራቱንም ጎማ ሲያስገቡ የፊቱና የኋላው አክስል በአንድ ፍጥነት እንዲዞር ይቆለፋል፤ የፍጥነቱን ልዩነት የሚያቻችል መካከለኛ ዲፈረንሻል የላቸውም። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ችግር የለም። በደረቅ አስፋልት ላይ ግን ፎር ዊል አስገብቶ ቴዎድሮስ አደባባይን የዞረ ሰው መሪው ይከብደዋል፣ ከሥር ቋ ቋ የሚል ነገር ይሰማል፣ መኪናው ይነካከሳል። ያኔ መኪናው ተበላሸ ብሎ ወደ ወኪሉ ይሮጣል። የተበላሸው አነዳዱ ነው።

እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጉድለት ብርቅ ቢመስልም ትልልቆቹ ስሞች ራሳቸው አላመለጡትም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ቶዮታ አሜሪካ ውስጥ 102,000 ያህል የቱንድራ ፒክአፕና የሌክሰስ መኪኖችን መልሶ ጠራ። ምክንያቱ ሞተሩ ሲቦረቦርና ሲላግ የተረፈ የብረት ፍርፋሪ ሳይጸዳ ውስጡ በመቅረቱ ነበር። ፍርፋሪው ዋናውን ኩሽኔታ ይበላል፣ ሞተሩ ያንኳኳል፣ መንገድ ላይ ቀጥ ሊል ይችላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ ሻንሲው በዝገት ስለተበላው የቶዮታ ታኮማ ፒክአፕ ረጅም ክስ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቶዮታ እስከ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ሊደርስ የሚችል ስምምነት ውስጥ ገባ። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ታኮማ ሲገዙ ቀድመው ተንበርክከው ከሥር የሚያዩት ወደው አይደለም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የአውስትራሊያው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2020 እዚያ የተሸጡ ባለ 2.4 እና ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሃይሉክስ፣ ፎርቹነርና ፕራዶ መኪኖች የጭስ ጥቀርሻ የሚያጠራቅም ማጣሪያ ነበራቸው። ማጣሪያው የያዘውን ጥቀርሻ በየጊዜው በሙቀት አቃጥሎ ራሱን ማጽዳት ነበረበት። መኪናው በፈጣን መንገድ ላይ ዘወትር ሲነዳ ግን ይህ አልሆነለትም፤ ማጣሪያው ተደፈነ፣ ነጭ ጭስ ወጣ፣ ነዳጅ ባከነ። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ከ260,000 በላይ መኪኖች ጉድለት ነበረባቸው ብሎ ፈረደ። ትምህርቱ ለገዢ ቀላል ነው፤ አንድ ዓይነት መልክና ስም ያላቸው ሁለት ፒክአፖች ለሁለት አገር ተብለው በተለያየ ዕቃ ሊገጣጠሙ ይችላሉ። ድኝ የበዛበት ናፍጣ ለሚሸጥባቸው አገሮች የሚሠራው ብዙውን ጊዜ ይህ ማጣሪያ አይኖረውም። ለሌላ አገር የተሠራውን ርካሽ ነው ብሎ ያስገባ ነጋዴ የአገራችንን ናፍጣ ለማያውቅ መኪና ያጠጣል።

ናፍጣና አቧራ ደግሞ ሁለተኛው የጉድለት ምንጭ ናቸው። ባለ 3 ሊትሩን የቀድሞ የቶዮታ ዲ ፎር ዲ ሞተር የፈቱ መካኒኮች የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። ኢንጀክተሩ በሚቀመጥበት ላይ ያለች አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ስታረጅ ወይም በደንብ ሳትጠብቅ ስትቀር የሚቃጠለው ጋዝ በጎኗ ያመልጣል። ጥቀርሻው ከሞተር ዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ ካርተሩ ውስጥ ያለው የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፈናል። ከዚያ ሞተሩ ዘይት እየተጠማ ይሞታል። በአዲሱ ትውልድ ላይ ደግሞ ደቃቅ አቧራ የአየር ፊልትሮውን አልፎ የሚገባውን አየር የሚለካው ሴንሰር ላይ እየተቀመጠ ሞተሩን ኃይል ያሳጣዋል፤ ይህም አውስትራሊያ ውስጥ በጠጠር መንገድ የሚነዱ ባለቤቶችን አማርሯቸዋል። የእኛን የጠጠር መንገድ ለሚያውቅ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከዋናው ፊልትሮ ርካሹ ይሻለኛል የሚል ባለቤት ግን በፋብሪካ ላይ ባያሳብብ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛው የጉድለት ምንጭ መኪናው የሚመጣበት ጉዞ ነው፤ ሰው ብዙም አያስበውም። ፒክአፑ ከታይላንድ ወይም ከደቡብ አፍሪካ ተነስቶ ባሕር ያቋርጣል፣ ጅቡቲ ይራገፋል፣ በአፋር ሙቀት ውስጥ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል፣ ከዚያም ግቢ ውስጥ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይቆማል። ቆሞ የከረመ መኪና ባትሪው ይደክማል፣ ጎማው አንድ ጎኑ ላይ ይተኛል፣ የፍሬኑ ዲስክ ይዝጋል፣ አይጥ ሽቦ ትቆረጥማለች። በጉዞ ላይ የተጋጨም ይኖራል፤ ተጠግኖ፣ ተቀብቶ፣ አሽብርቆ «ዜሮ ነው» ተብሎ ይሸጣል።

የአክስቴ ልጅ ሥራ ተቋራጭ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት ነጭ ደብል ጋቢና ሊረከብ ሲሄድ እኔና አንድ ሽማግሌ መካኒክ አብረነው ሄድን። መካኒኩ ቀለሟንም ወንበሯንም አላየም። ኮፈኑን አስከፈተና ፓራፋንጎውን ያሰሩትን ቡሎኖች አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ጋሼ፣ ምን እየፈለጉ ነው?» አለው የአክስቴ ልጅ።

«ቁልፍ የነካትን ነዋ ልጄ። ፋብሪካ ሲቀባ ቡሎኗን አብሮ ነው የሚቀባት። ጠርዟ ላይ ቀለሙ ከተላጠ ሰው ፈቷታል ማለት ነው። አዲስ መኪና ፓራፋንጎዋን ለምን ትፈታለች?»

ቡሎኖቹ ንጹሕ ነበሩ። ቀጥሎ ጎማዎቹን አየ። በጎማ ጎን ላይ ከተጻፈው የመጨረሻዎቹ አራት አሃዞች ሁለቱ ሳምንቱን፣ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2319 ቢል እ.ኤ.አ. በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱ ጎማዎች አንድ ሰሞን የተሠሩ ነበሩ፤ የትርፉ ጎማም እንደዚያው። ከዚያ ሻንሲ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። ቁጥሩ 17 ሆሄና አሃዝ አለው፤ በኤም፣ አር፣ ዜሮ ከጀመረ ታይላንድ የተሠራ ቶዮታ ነው፣ በኤ፣ ኤች፣ ቲ ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አገርና ቁጥሩ ካልተስማሙ እዚያው ማቆም ነው። በመጨረሻ ከናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫ ፈታ አድርጎ በጠርሙስ ቀዳ። ናፍጣው ከታች ውሃ አላቀረረም። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ሻጩ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ ጉድለቱ የተገኘው ዳገቱ ላይ ነው። ከማዘጋጃ ቤት በታች ቆመን ስንነሳ መኪናዋ ወገቧን ይዛ ተንቀጠቀጠች፤ ፍጥነት ስትጨምር ተወችው። ደብል ጋቢና ረጅም ስለሆነ ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያሻግረው ዘንግ ለሁለት ተከፍሎ መሐሉ ላይ በኩሽኔታ ይደገፋል። ያ ኩሽኔታ ወይም የዘንጉ አንግል ትንሽ ከተዛባ በዳገት መነሳት ላይ እንዲህ ያንቀጠቅጣል። ሻጩ «ይለመዳል» አለን። ሽማግሌው «መኪና አይለምድም፣ ሰው ነው የሚለምደው» ብሎ መለሰለትና ወረቀት አምጡ አለ።

ወረቀቱ የነገሩ እምብርት ነው፤ ገዢዎች የሚዘናጉትም እዚህ ላይ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንዲችል ደነገገ። ሸማች ያለው ግን ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መጠቀሚያ የሚገዛውን ግለሰብ ነው። ፒክአፕ ገዢዎች አብዛኞቹ ድርጅት ናቸው፤ የንግድ ታርጋ ለጥፈው ሲሚንቶ ሊጭኑበት ነው። ለእነሱ መጠጊያው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፤ ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ሻጭ ስለ ዕቃው ጉድለት ያለበትን ዋስትና ይዘረዝራል። ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ምን እንደሆነ ገልጾ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት፤ ካስታወቀ በኋላም መብቱን በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተጠቀመበት ያጣዋል። ገዢው እያየው የተቀበለውን ጉድለት ሕጉ ሻጩን አያሸክመውም። በስልክ የተነገረ ስሞታ ሦስት ወር ቆይቶ ለማስረዳት ያስቸግራል።

የፋብሪካው ዋስትና ከዚህ የተለየ ነው። ብዙ ጊዜ 3 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር ይባላል፣ ቀድሞ የሞላው ይዘጋዋል። ሰርቪስ ሰዓቱን ያለፈ፣ ሌላ ቦታ የተፈታ፣ ቆሻሻ ነዳጅ የጎዳው ከዋስትናው ውጪ ነው። ከዱባይ በግል ነጋዴ የገባ መኪና ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ባለቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም፤ መልሶ መጥራት ቢኖር የሚጠራው ስም የለውም። እንዲህ ያለ ፒክአፕ የገዛ ሰው ሻንሲ ቁጥሩን ይዞ ራሱ መጠየቅ አለበት።

የአክስቴ ልጅ የርክክቡን ሰነድ አልፈረመም። ጉድለቱን፣ የታየበትን ቦታና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ጽፎ በሁለት ቅጂ ሰጠ፤ አንዱ ላይ የተቀባይ ማኅተም አስመታ። ድርጅቱ ስሙ ይቆየኝ፤ ዘንጉን ከነኩሽኔታው ቀየረለት። ቃል የተገባለት ቀን ሁለት ጊዜ ተላለፈ እንጂ ቀየረለት።

በጥር 2016 ዓ.ም. ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን ሆነ። ቶዮታ የናፍጣ ሞተሮቹ የጉልበት ምርመራ ላይ የተጭበረበረ ነገር በመገኘቱ ሃይሉክስን ጨምሮ አሥር ዓይነት መኪኖችን መላክ ለጊዜው አቆመ። ምርመራው የተካሄደው ለሽያጭ ከሚወጣው የተለየ ሶፍትዌር በተጫነበት የሞተር ኮምፒውተር ነበር። መንግሥታችን ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ያሳወቀው ያን ጊዜ ነው። በዚህ የተነሳ ወደ ኤሌክትሪክ ፒክአፕ የሚዞር ሰው ከሥር የሚፈትሸው ባሌስትራና ሻንሲ እንደነበረ ይቆየዋል። የናፍጣ ፊልትሮ፣ ኢንጀክተርና የመዳብ ሮንዴላ ግን የሉም። በምትኩ ከመረከቡ በፊት ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፦ ባትሪው ከመኪናው የተለየ የዋስትና ዘመን አለው ወይ፣ ሶፍትዌሩን አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድሰውስ ማን ነው? ለሁለቱም መልሱን በጽሑፍ ከነማኅተሙ ይቀበል።