የማርን እርጥበት በሬፍራክቶሜትር መለካት

ውሃው ከ20 በመቶ የበለጠ ማር በክምችት ላይ እያለ ሊፈላ ይችላል። ኮዴክስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርትም ለአብዛኛው ማር ያስቀመጠው ጣሪያ ይኸው 20 በመቶ ነው። ገዢ ለክቶ «ቀጭን ነው» ቢልዎ መከራከር የሚችሉት አስቀድመው ራስዎ ከለኩ ነው። አፍስሶ ማየት አያስተማምንም፤ ያው ማር በጠዋት ብርድ ይወፍራል፣ በቀትር ፀሐይ ይቀጥናል፤ ውሃው ግን አልተለወጠም።

መሣሪያው የሚሠራው በብርሃን ነው። ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ የቆመ እንጨት የተሰበረ የሚመስለው ብርሃን ከውሃ ወደ አየር ሲያልፍ ስለሚታጠፍ ነው። በውሃው ውስጥ ስኳር በበዛ ቁጥር መታጠፉም ይጨምራል። ይህ የመታጠፍ መለኪያ ለንጹህ ውሃ 1.33፣ 18 በመቶ ውሃ ላለው ማር ደግሞ 1.49 አካባቢ ነው። ሬፍራክቶሜትር ልዩነቱን በቁጥር ያሳይዎታል።

ዕቃው ውስጥ ቀጭኑ ማር ወደ ላይ ስለሚወጣ ከመቅዳትዎ በፊት በደንብ ያማስሉ። የረጋ ማር ከሆነ ክዳኑን እንደዘጉ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አቅልጠው ያቀዝቅዙት። አንድ ሁለት ጠብታ በመስተዋቱ ላይ ያድርጉ፣ አየር ሳይቀር ክዳኑን ይጫኑ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ከዚያ ወደ ብርሃን አዙረው ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር ያንብቡ። በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ ብሪክስና የውሃ በመቶ ጎን ለጎን ስለተጻፉ አንዱን በሌላው እንዳይለውጡ፤ ብሪክስ ሲጨምር ውሃ ይቀንሳል። መሣሪያው የተስተካከለው ለ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ሙቀትን በራሱ የማያካክስ ከሆነ በጥላ ሥር ይለኩ። ሲጨርሱ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉት እንጂ ውሃ ውስጥ አይንከሩት።

የማር ሬፍራክቶሜትር ብዙውን ጊዜ ከ58 እስከ 90 ብሪክስ ብቻ ስለሚያነብ በውሃ ዜሮ ማድረግ አይቻልም፤ አብሮት በመጣው የማስተካከያ ዘይትና መስተዋት ያስተካክሉት። በዚሁ ምክንያት ለንብ መኖ በ1 ኪሎ ስኳርና በ1 ሊትር ውሃ የበጠበጡትን ሽሮፕ አይለካም፤ እሱ 50 ብሪክስ ነው።

ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ከመቁረጥ በፊት መለካት ነው። ከታሸገውም ካልታሸገውም እንጀራ ጠብታ ወስደው ያወዳድሩ፤ ያልታሸገው ብዙውን ጊዜ ውሃ ይበዛበታል። ከ20 በመቶ በላይ ካነበበ እንጀራውን ለንቦቹ ይተዉላቸው፣ ራሳቸው ያደርቁታል። አስቀድመው የቆረጡትን ለይተው ያስቀምጡና ቶሎ ለጠጅ ያውሉት። እሳት ላይ ጥደው ለማድረቅ አይሞክሩ፣ መዓዛውን ያጣል። ማር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በዝናብ ጊዜ ክዳኑን ክፍት አይተዉ።

አንድ ነገር ግን መሣሪያው አይነግርዎትም። ስኳር አፍልቶ የቀላቀለ ሰው ውሃውን ካስተካከለ ማሩ ጥሩ ቁጥር ያሳያል። ሬፍራክቶሜትር የሚመሰክረው ስለ ውሃው እንጂ ስለ ማሩ ንጽህና አይደለም። ከሌላ ሰው ማር ገዝተው ከራስዎ ጋር የሚደባልቁ ከሆነ ምንጩን ይጠይቁ፤ ቁጥሩ 18 ነው ብለው ብቻ አይቀበሉ።