የደጋ ደሴት ነዋሪዋ ትንሽ ወፍ

ደሴት ሲባል በባሕር የተከበበ መሬት ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን ለትንሽ ወፍ በቈላ የተከበበ ደጋም ደሴት ነው፤ በእርሻ የተከበበ የደብር ዐጸድም እንደዚሁ።

የዓባይን በረሃ ወጥቶ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ ሰው በሉማሜ ሲያልፍ ይህን በዐይኑ ይመለከታል። ሜዳው ኹሉ እርሻ ነው፤ እዚህና እዚያ ግን ጽድና ወይራ ያጠላቸው አብያተ ክርስቲያናት ይታያሉ።

በሀገራችን ደጋ እንዲህ ባለው ጥላ ከሚኖሩት አንዷ ከዝንብ ያዥ ወፎች ወገን የሆነች፣ ርዝመቷ ስንዝር የማይሞላ ወፍ ናት። ጀርባዋ ጥቁር ቡናማ፣ ሆዷ ግራጫ፣ ዐይኗ ፈዛዛ ብጫ ነው። በቅርንጫፍ ላይ ጸጥ ብላ ትቀመጥና ነፍሳት ሲያልፉ ብድግ ብላ ቀልባ ትመለሳለች። ጀርመናዊው ተጓዥ ኤዱዋርድ ሩፔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1840 ዓ.ም. ለሳይንስ አስታወቃት። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አትገኝም።

ዛሬ ቍጥሯ የሚያሠጋ አይደለም። ነገር ግን መኖሪያው የጠበበ ፍጡር ምን እንደሚደርስበት ከሲሸልስ ደሴቶች እንማር። በዚያ የምትኖር ነፍሳት በል የደን ወፍ ነበረች። ሰዎች ጥንታዊውን ደን መንጥረው ለገቢ ሲሉ ኮኮናት ስለ ተከሉበት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. ኩዛን በተባለች አንዲት ደሴት ላይ ከ30 የማይበልጡ ወፎች ብቻ ቀሩ። በዚያው ዓመት ለወፎች ጥበቃ የቆመ ዓለም አቀፍ ማኅበር ደሴቲቱን ገዛ፤ ኮኮናቱ ተነሥቶ የሀገሩ ዛፍ ተመለሰ። ሰፊ ቅጠል ሲመለስ ነፍሳት ተመለሱ፤ ነፍሳት ሲመለሱ ወፎቹ በዙ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓ.ም. ከእነርሱ ተወስዶ አሪድ በተባለች ደሴት ሌላ መንጋ ተቋቋመ፤ ዛሬ በበርካታ ደሴቶች ይኖራሉ።

የእኛ ኮኮናት ባሕር ዛፍ ነው። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ መጥቀሙን የሚክድ የለም፤ የወይራንና የኮሶን ቦታ ኹሉ ሲይዝ ግን ወፊቱ የምትለቅመው ያንሳል። ደግሞም የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ባደረጉት ጥናት፣ ከብት በደኑ ውስጥ መሠማራቱ የችግኞችን መተካት እንደሚጐዳ አሳይተዋል። ትልልቁ ዛፍ ቆሞ ሳለ ወራሽ ያጣል ማለት ነው።

እንግዲህ አንባብያን፤ በመሥሪያ ቤት ግቢ ዛፍ ይተከል ሲባል ውሳኔው በእጃችሁ ያልፋል። ከባሕር ዛፉ ጐን ለወይራና ለጽድ ስፍራ ስጡ። ለተወለዳችሁበት ደብር ገንዘብ ስታዋጡም ለጣራው ብቻ አይሁን፤ ከብት የሚያግድ የድንጋይ ካብም ይታሰብበት።