ልጆቻችን የሚያውቁት የትኛዋን ሳዑዲ ነው?



በጭሮ፣ በገለምሶ፣ በበዴሳ፣ በሂርና ወይም በሚኤሶ አንድ የአስር ዓመት ልጅ ስለ ሳዑዲ ዐረቢያ ቢጠየቅ ዝም አይልም። ጅዳን፣ ሪያድንና ጂዛንን በስም ያውቃል። ሪያል በስንት ብር እንደሚመነዘር ከትልልቆች ይሰማል። «ከፊል» እና «ኢቃማ» የሚሉትን ቃላት ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከቤቱ ለምዷቸዋል። እናቱ፣ አጎቱ ወይም የጎረቤቱ ልጅ እዚያ ናቸውና።

ይሁን እንጂ ይህ ልጅ የሚያውቃት ሳዑዲ ከስልክ ስክሪን ላይ የተቀዳች ናት። ፎቅና መኪና አለባት፣ ብር የሚላክባት ናት፣ የተቀደሱት ሁለቱ ሐረሞች ያሉባት ናት። ሕዝቧ እንዴት እንደሚኖር፣ ታሪኳ ምን እንደሆነ፣ ሕጓ ምን እንደሚፈቅድና ምን እንደሚከለክል ግን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳውም። እኛ ወላጆችና አስተማሪዎች ሳናስተምር ስንቀር የሚያስተምሩት ቲክቶክና ደላላ ናቸው።

ስለ ሌላ ሀገር ባህልና ቅርስ ልጆችን ማስተማር ለትርፍ ጊዜ የሚተው ነገር ይመስላል። በምዕራብ ሐረርጌ ግን ጉዳዩ የልጆቻችንን እምነት፣ ማንነትና ሕይወት የሚነካ ነው። እንዴት እንደሚነካና ምን ማድረግ እንደምንችል እንመልከት።

ሌላውን ማወቅ በዲናችን

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሑጁራት 13ኛው አንቀጽ የሰው ልጆችን ጎሳዎችና ነገዶች ያደረገው እንዲተዋወቁ መሆኑን ይነግረናል። መበላለጫው ተቅዋ እንጂ ዘር አለመሆኑንም እዚያው ላይ ያስቀምጣል። እንግዲህ መተዋወቅ የመፈጠራችን አንዱ ምክንያት ከሆነ ለልጆች ማስተማሩ ከዲን ውጪ አይደለም።

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት ውስጥም ምሳሌው ብዙ ነው። በዒድ ቀን ሐበሾች በመስጂዳቸው ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ ወጣቷ ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስክትጠግብ ድረስ እንድታይ ከልለው ቆመውላታል። ዘይድ ኢብኑ ሣቢትን (ረ.ዐ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ያዘዙት እርሳቸው ናቸው፤ ዘይድም በግማሽ ወር ውስጥ እንደቻለው ተዘግቧል።

ለእኛ አካባቢ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) ታሪክ ነው። ይህቺ ልጅ ወላጆቿ እ.ኤ.አ. በ615 በጀመረው የሐበሻ ሒጅራ ወደ ሀገራችን ተሰደው እዚሁ ያደገች ናት። ቤተሰቧ ወደ መዲና ሲመለስ ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያጌጠ ልብስ በእጃቸው አልብሰዋት «ሰናህ፣ ሰናህ» አሏት። ቃሉ በሐበሾች ቋንቋ «ያምራል» ማለት እንደሆነ ቡኻሪ ዘግበውታል። ከግዕዙ «ሠናይ» ጋር ያለውን መመሳሰል ለመስማት የቋንቋ ምሁር መሆን አያስፈልግም። የዐረብ ልጅ ሆና ሳለ ያደገችበትን ሀገር ቋንቋ አላሳፈሯትም፤ በዚያው ቋንቋ አናገሯት። ወደዚህ ታሪክ እንመለስበታለን።

ዲንን ከዐረብ ባህል መለየት

በመድረሳዎቻችን ልጆች ዐረብኛ ይማራሉ፤ ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሳዑዲ የመጣ ነገር ሁሉ ዲን፣ ከሐረርጌ የሆነ ነገር ሁሉ ደግሞ ባዶ ልማድ ነው የሚል ስሜት ሲያድርባቸው ነው። ቂብላችን መካ ናት፤ የመካ ሰው የሚለብሰው ሽማግ ግን የዒባዳ አካል አይደለም። የሐረርጌ አባት ሽርጥ ለብሶ ሲሰግድ ሶላቱ ከማንም አያንስም። የሸሪዓ ሊቃውንት «ዑርፍ» ወይም «ዓዳ» ብለው የሚጠሩት ነገር አለ፤ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጭ የሕዝብ ልማድ ማለት ነው፤ በብዙ ጉዳዮችም ቦታ ይሰጡታል።

ስለዚህ ልጁን ስለ ሳዑዲ ስናስተምር ሁለት መደብ እናውጣለት። አንደኛው የዲን ነው፤ ሐጅ፣ ቂብላ፣ ሐረሞች፣ የቁርኣን ቋንቋ። ሁለተኛው የባህል ነው፤ አለባበስ፣ ምግብ፣ የቡና ሥርዓት፣ የቤት አሠራር፣ የሠርግ ልማድ። የመጀመሪያው የሁላችንም ነው። ሁለተኛው የእነርሱ ሲሆን የምናየው እንደ ጥሩ ጎረቤት ቤት ነው፤ እናከብረዋለን፣ ደስ ካለን እንወስዳለን፣ የራሳችንን ግን አንጥልም።

ከዚሁ ከምዕራብ ሐረርጌ የወጡት ሼኽ ሙሐመድ ረሻድ አብዱሌ ለዚህ ምሳሌ ናቸው። በካይሮ አል-አዝሃር ተምረዋል። የቀሰሙትን ዕውቀት ግን ያዋሉት ቁርኣንን ወደ አፋን ኦሮሞ በመተርጎም ነው። የሰው ሀገር ዕውቀት የራሳቸውን ቋንቋ አላስረሳቸውም፤ ይልቁንም ለቋንቋቸው አገልጋይ አደረጋቸው።

ከጓዳችን እንጀምር

ልጅ የሩቁን የሚረዳው ከቅርቡ ተነስቶ ነው። የጨርጨር ልጅ ደግሞ ቅርቡ ብዙ ነው።

ቡናን እንውሰድ። የሐረርጌ ቡና ለዘመናት በቀይ ባሕር በኩል ወጥቷል። የየመኗ የሞካ ወደብ በዓለም ላይ የቡና መጠሪያ እስከመሆን ደርሳለች። የመኖች ከቡና ገለፈት ዝንጅብል ጨምረው «ቂሽር» ያፈላሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ሆጃ አለ። ሳዑዲዎች ቡናቸውን በትንሹ ብቻ ቆልተው ከሄል ጋር ያፈላሉ፤ ከተምር ጋር ያቀርባሉ። የሚጠጡበት ትንሽ ስኒ «ፊንጃል» ይባላል፤ እኛም ፍንጃል እንላለን። እኛ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ስንል ድምጹ ከዐረብኛው አወል፣ ሣኒ፣ በረካ ጋር ይቀራረባል።

ልዩነቱም ያስተምራል። እኛ ዘንድ ስኒን እስከ አፉ መሙላት ልግስና ነው። በዐረቦቹ ልማድ ግን ለእንግዳ በጥቂቱ ይቀዳል፤ ሞልቶ መስጠት «ጠጥተህ ሂድ» ተብሎ ሊተረጎም ይችላል። በቃኝ ማለት የፈለገ እንግዳ ስኒውን ወዲያና ወዲህ ይነቀንቃል። አንድ ልጅ ይህን ሲሰማ አንድ ትልቅ ነገር ይገባዋል፤ ሰው የተለየ ነገር የሚያደርገው ስለተሳሳተ ሳይሆን የተለየ ልማድ ስላለው ነው።

መሬቱም ይመሳሰላል። ልጆቻችን ሳዑዲን በሙሉ አሸዋ ያደርጓታል። በደቡብ ምዕራብ በኩል ግን የዓሲርና የጂዛን ተራሮች አሉ፤ እርከን የተሠራባቸው፣ ቡና የሚበቅልባቸው ተዳፋቶች ናቸው። በጂዛን ቆላ ማሽላ ጥንታዊ ሰብል ነው። የዚያ አካባቢ የኸውላኒ ቡና አመራረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የዓሲር ሴቶች የቤታቸውን የውስጥ ግድግዳ በቀለም የሚያስጌጡበት «አል-ቀጥ» የተሰኘው ጥበብም በ2017 ተመዝግቧል። የሐረር ሴቶች ግድግዳቸውን በስፌት ሲያስጌጡ ያየ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሐረሩ ሹዋሊድ በዓልም በ2023 እዚያው መዝገብ ውስጥ መግባቱን ስንነግረው ቅርስ ያላቸው ሌሎች ብቻ እንዳልሆኑ ያውቃል።

ታሪኳንና ሕጓንም ጭምር

የሳዑዲ መንግሥት በአሁኑ ስሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ነዳጅ በብዛት የተገኘው በ1938 ነው። ይህ ማለት ዛሬ በስልክ የሚታየው ሀብት ከመቶ ዓመት ያነሰ ዕድሜ አለው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ሕዝብ ኑሮው በግመል፣ በተምር፣ በንግድና በሑጃጆች ላይ የቆመ ነበር። ልጁ ይህን ሲያውቅ «እነርሱ ተፈጥሯቸው ሀብታም፣ እኛ ተፈጥሯችን ድሃ» የሚለው ሐሳብ ከጭንቅላቱ ይወጣል።

ሕጉም መነገር አለበት። የውጭ ሠራተኛ የሚገባው በአሠሪው፣ ማለትም በከፊሉ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ሥርዓቱ በከፊል ሲሻሻል የቤት ሠራተኞች ከማሻሻያው ውጪ ቀርተዋል። ያለ ሕጋዊ ፈቃድ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ ይባረራል። በ2013 መጨረሻ በተጀመረው ዘመቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል።

ለእኛ አካባቢ ልጆች በተለይ ጫት ላይ ግልጽ መሆን ይገባል። በሐረርጌ ጫት በየማሳው የሚታይ፣ በየገበያው የሚሸጥ ነው። በሳዑዲ ግን የተከለከለ ዕፅ ነው፤ ይዞ መገኘት ያሳስራል። ድንበር ሲያሻግር የተያዘ ሰው የሚጠብቀው ቅጣት በጣም ከባድ ነው። እዚህ ተራ ነገር የሆነ ዕቃ እዚያ ወንጀል መሆኑን የማያውቅ ወጣት «እቃ አድርስልኝ» ለሚለው ሰው ቀላል ሰለባ ነው።

ከ14 ዓመት በላይ ለሆኑት ደግሞ ስለ መንገዱ መደበቅ አይገባም። ተህሪብ የሚሉት ጉዞ በጅቡቲ ወይም በሶማሊያ ጠረፍ በጀልባ ተሻግሮ ከ2015 ጀምሮ በጦርነት ውስጥ በኖረችው የመን በኩል ያልፋል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 ሂዩማን ራይትስ ዎች ባወጣው ሪፖርት በየመንና ሳዑዲ ድንበር ላይ በርካታ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ የሳዑዲ መንግሥት ክሱን አስተባብሏል። የሀገራችን የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ሰው ለሥራ እንዲሄድ አይፈቅድም። ይህን የምንነግራቸው ሳዑዲን እንዲጠሉ አይደለም። ካደጉ በኋላ የሚሄዱ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ፣ ቋንቋውንና ሕጉን አውቀው፣ ሙያ ይዘው እንዲሄዱ ነው።

የተመለሱት ልጆች

አሁን ወደ ኡሙ ኻሊድ (ረ.ዐ) እንመለስ። በከተሞቻችን ሳዑዲ ተወልደው ወይም አድገው የተመለሱ ልጆች አሉ። ዐረብኛው አፋቸው ላይ ነው፤ አፋን ኦሮሞውም ሆነ አማርኛው ይከብዳቸዋል። ክፍል ውስጥ ይሳቅባቸዋል፤ ሰፈር ውስጥ «ዐረቡ» ይባላሉ። የእኛ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ከሌላ ሀገር ለተመለሰች ሕፃን ያደረጉት ግን ግልጽ ነው፤ በምታውቀው ቋንቋ ማረኳት።

እነዚህ ልጆች በየመድረሳው ያሉ ምርጥ ረዳት አስተማሪዎች ናቸው። ኡስታዙ «ይህ ቃል እዚያ በተግባር እንዴት ይነገራል?» ብሎ ሲጠይቃቸው የሚያሳፍራቸው የነበረው ነገር መከበሪያቸው ይሆናል። ጓደኞቻቸውም በምላሹ የሀገሩን ቋንቋ ያስተምሯቸዋል።

በቤትና በመድረሳ ምን እናድርግ?

ብዙ ወጪ አይጠይቅም።

ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉት በቃልና በጣዕም እንጀምር። ሱቅ፣ ሳሙና፣ ደብተር፣ ፍንጃል የሚሉት ቃላት ከዐረብኛ ጋር ዝምድና እንዳላቸው እናሳያቸው። አንድ ቀን ቡናውን በሄል አፍልተን በተምር እናቅምሳቸው።

ከ10 እስከ 13 ላሉት ካርታ እንዘርጋ። ጭሮን፣ ሚኤሶን፣ ድሬዳዋን፣ ጅቡቲን፣ ቀይ ባሕርን፣ ሞካን፣ ጅዳንና መካን በጣታቸው ይከተሉ። የነጃሺንና የጃዕፈርን (ረ.ዐ) ታሪክ በዚሁ ካርታ ላይ እንንገራቸው፤ በአንድ ወቅት መጠጊያ ፍለጋ የተሻገሩት ከወዲያ ወዲህ እንደነበሩ ይዩ።

ከ14 በላይ ላሉት ከላይ ያነሳነውን ታሪክና ሕግ ሳንሸራርፍ እናቅርብ። ከሳዑዲ የተመለሱ ወንድሞችና እህቶች መጥተው ጥሩውንም መጥፎውንም በራሳቸው አንደበት ይንገሯቸው።

ወላጁ እዚያ ያለ ልጅ ደግሞ ስልክ ሲደወል «ምን ላኪልኝ» ከማለቱ በፊት አንድ ጥያቄ ይዘጋጅ፤ «እማ፣ ጎረቤቶችሽ ዛሬ ምን በሉ? ልጆቻቸው ምን ይጫወታሉ? አንቺስ ስንት ሰዓት ትነሻለሽ?» መልሱን በደብተሩ ይጻፍ። በዚህ መንገድ ሀገሪቱን ይማራል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእናቱን ድካም ያውቃል። የእናቱን ድካም ያወቀ ልጅ ደላላ በቀላሉ አያታልለውም።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን በሄዱበት የሚያኮሩን፣ በቤታቸውም የማያፍሩ ያድርግልን። በሰው ሀገር ያሉትን ይጠብቅልን፤ አሚን።