ራጅ የማያሳየው የትከሻ ጉዳት

አንድ ተማሪዬ ክንዱን በጨርቅ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የራጅ ፊልሙን ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። መረብ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ትከሻው ወልቋል፤ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላም ሁለት ጊዜ ደግሞታል። «አጥንትህ ደኅና ነው ተባልኩ፤ ታዲያ የሚያመኝ ምንድን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ለሐኪም የሚቀርብ ቢሆንም የመልሱ ግማሽ ፊዚክስ ነው።

ትከሻ ከመገጣጠሚያዎቻችን ሁሉ የበለጠ የመንቀሳቀስ ነጻነት አለው፤ የነጻነቱ ዋጋ ደግሞ በቀላሉ መውለቁ ነው። የክንድ አጥንት ክብ ራስ የሚያርፍበት ስፍራ ጥልቀት የለውም፤ ብርቱካን በቡና ስኒ ማስቀመጫ ላይ የማኖር ያህል ነው። በማስቀመጫው ጠርዝ ዙሪያ ከቃጫማ ካርቲሌጅ የተሠራ፣ የሚለመጥ ቀለበት አለ። ስሙ ላብረም ሲሆን በላቲን «ከንፈር» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ብላንደል ባንካርት፣ ትከሻ እየደጋገመ የሚወልቀው ይህ ከንፈር በፊት በኩል ከአጥንቱ ሲላቀቅ መሆኑን ጻፈ።

ራጅ ይህን አያሳይም። ጨረሩ አብዝቶ የሚዋጠው አቶሚክ ቁጥራቸው ከፍ ባለ ንጥረ ነገሮች ነው፤ አጥንት አቶሚክ ቁጥሩ 20 የሆነ ካልሲየም አለው። ካርቲሌጅ ግን እንደ ጎረቤቱ ጡንቻ በአመዛኙ ከሃይድሮጅን፣ ከካርቦን፣ ከናይትሮጅንና ከኦክስጅን የተሠራ ስለሆነ ጥላው ከጡንቻው ጥላ አይለይም።

ስለዚህ ወደ ኤምአርአይ እንሄዳለን፤ ፖል ላውተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 የኖቤል ሽልማት ያገኙበት ዘዴ ነው። በ1.5 ቴስላ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የሃይድሮጅን ፕሮቶኖች በሰከንድ 64 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሾራሉ። ከአንድ ሚሊዮን ፕሮቶኖች መካከል ወደ መስኩ አቅጣጫ የሚያጋድሉት ከተቃራኒዎቹ የሚበልጡት በ5 ያህል ብቻ ነው። ኢምንት ይመስላል! ሆኖም በአንድ ኪዩቢክ ሚሊሜትር ውኃ ውስጥ ይህ ብልጫ ከ300 ትሪሊዮን በላይ ፕሮቶኖች ይሆናል፤ የምንሰማውም የእነርሱን ድምፅ ነው።

ችግሩ ላብረም በኤምአርአይም ጥቁር ሆኖ መታየቱ ነው። ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን ውኃውን አጥብቆ ስለሚይዝ የፕሮቶኖቹ ምልክት በጥቂት ሚሊሰከንዶች ይጠፋል። የተቀደደው ከንፈር ከተገጠመ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ላይ ነው። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ እጅግ የቀጠነ የጋዶሊኒየም ውሁድ ያለበት ፈሳሽ በመርፌ ወደ መገጣጠሚያው ያስገባል። ጋዶሊኒየም 7 ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች ስላሉት በአጠገቡ ያሉት የውኃ ፕሮቶኖች በፍጥነት ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ይመለሳሉ፤ ፈሳሹም ደምቆ ይታያል። በቅዳጁ ሲገባ በጥቁሩ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። ታማሚው እጁን ከራሱ ኋላ ሲያደርግ ጅማቶቹ ላብረሙን ስለሚስቡት የተደበቀ ቅዳጅም ሊከፈት ይችላል።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን ምስሉ የሚዋሽበት ማዕዘን ነው። የኮላጅን ቃጫዎች ከመግነጢሳዊ መስኩ ጋር 54.7 ዲግሪ ሲሠሩ፣ የማዕዘኑ ኮሳይን ካሬ አንድ ሦስተኛ ይሆናል፤ ምልክቱን የሚያጠፋው የፕሮቶኖች የእርስ በርስ መግነጢሳዊ ተጽዕኖም ዜሮ ይሆናል። ጤነኛው ጥቁር ቃጫ ያለ አንዳች ጉዳት ይደምቃል፤ ያላወቀ ሰውም «ተቀዷል» ሊል ይችላል። ምልክቱን ዘግይቶ በማንበብ ይህን ማጣራት ይቻላል። ላብረማቸው በላይኛው ፊት በኩል ከተፈጥሮው ከአጥንቱ ያልተጣበቀ ሰዎችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ45 እስከ 60 የሆኑ፣ ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው ሰዎች በኤምአርአይ ታይተው ከግማሽ በሚበልጡት ላይ የላይኛው ላብረም ቅዳጅ አለ ተብሏል። በምስል ብቻ ቢላ ማንሣት ለምን እንደሚያስፈራ ይህ ይበቃል። እኛ የፊዚክስ ሰዎች መሣሪያው ከተሻሻለ ሁሉም ይፈታል ማለት ይቀናናል፤ ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ክንዱን ይዞ ያዞራል፣ የት እንደሚያም ይጠይቃል።

የተማሪዬም ሐኪም ይህንኑ አደረገ፤ ምስሉን ያዘዘው ከዚያ በኋላ ነው። ነጩ መስመር የታየው በፊት በኩል ከታች፣ ክንዱ ሲዞር ልጁ «ሊወልቅ ነው!» ብሎ በደነገጠበት አቅጣጫ ነበር።