የአውሮፕላን ማረፊያችን አጥር በትንሹ እንዴት እንደ ተሠራ

በዚህ ዓመት በወላጆች ቀን የእጅ ሥራ ክበባችን ያቀረበውን የአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ አምሳያ ያየ ሰው ሁሉ ስለ አውሮፕላኑ ጠየቀን እንጂ ስለ አጥሩ የጠየቀን ከሁለት ሰው አይበልጥም። አውሮፕላኑን የሠራው ጓደኛዬ ነው፤ ምስጋናውንም እርሱ ተቀብሏል። አጥሩን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ አውሮፕላኑ በአራት ቀን ሲያልቅ አጥሩ ሰባት ሳምንት ፈጅቷል። ስለዚህ የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አምሳያው አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፥ ስለ አጥሩ ከሆነ እሺ ብዬ ተስማማሁ። አንባቢ ሆይ፥ ስለ ሽቦ አጥር ይህን ያህል የሚጻፍ ነገር ከየት ይመጣል ብለህ አትሳቅ፤ እኔም በመስከረም ወር እንዲሁ ብዬ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ከመቀሌ ከተማ በስተ ምሥራቅ በኲሓ በኩል እንደሚገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ስሙ የተወሰደው በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ የኢጣልያንን ጦር ድል ካደረጉት ከራስ አሉላ እንግዳ ነው፤ «አባ ነጋ» የፈረስ ስማቸው ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 2,250 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሚሆን አውሮፕላን በክንፉ ተደግፎ ለመነሣት ከቆላው ይልቅ ረዘም አድርጎ መሮጥ ይኖርበታል፤ መንደርደሪያውም 3,600 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህ ቁጥር ገና ከመነሻው ጉድ ያደረገን ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምሳያ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መጠን መምረጥ አለበት። በውጭ አገር የባቡር አምሳያ እየሠሩ የሚደሰቱ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ከነርሱም የሚበዙት የሚሠሩበት መጠን «ኤች ኦ» የሚባለው፥ ማለት የእውነተኛው ነገር 87ኛ እጅ ነው። በዚህ መጠን የድሮው የጅቡቲና የአዲስ አበባ ምድር ባቡር ሐዲድ፥ ስፋቱ አንድ ሜትር የነበረው፥ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። እኛ ግን ሒሳቡ እንዲቀልልን 100ኛ እጅን መረጥን፤ አንድ ሜትር አንድ ሳንቲሜትር ይሆናል ማለት ነው። ወደ ከተማችን የሚመላለሰው ኪው 400 አውሮፕላን 33 ሳንቲሜትር ያህል ሆነ፤ ደስ አለን። መንደርደሪያውን ስናሰላ ግን 36 ሜትር ሆነ! የክበባችን ክፍል ርዝመት 8 ሜትር ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ መንደርደሪያውን ትተን፥ የመንገደኞቹን ሕንፃ አንድ ጎን፥ አውሮፕላን የሚቆምበትን ሜዳ አንድ ጥግና በሁለት ጎን የሚዞረውን ሁለት ሜትር አጥር ብቻ በአንድ ሰሌዳ ላይ ለመሥራት ወሰንን። አጥሩም ለእኔ ደረሰ፤ የደረሰኝም በዕጣ ነው።

አጥር ለአውሮፕላን ማረፊያ እንደ ጌጥ አይደለም። በመንደርደሪያ ላይ አንድ አህያ ቢቆም የሚመጣውን አደጋ ማሰብ አያዳግትም፤ ስለዚህ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድንጋጌም ማረፊያዎች እንስሳና ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባባቸው እንዲታጠሩ ያዛል። የድንጋይ ግንብ ቢሆን ጠባቂው ወዲያ ማዶ ያለውን አያይም፤ ጥልፍልፍ ሽቦ ግን ይከለክላል እንጂ አይጋርድም፤ ነፋስም አይገፋውም።

መሥራት የፈለግሁትን ነገር አሠራር ሳላውቅ አልጀምርም ብዬ በከተማችን ወደ አንድ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ሄድሁ። ሠራተኛው አንድ ቱቦ መሳይ መሣሪያ በእጅ መዘውር ያዞራል፤ በቱቦው ውስጥ ጠፍጣፋ ብረት አለ። ሽቦው ከጥቅሉ እየተሳበ በጠፍጣፋው ብረት ላይ ይጠመጠምና በሌላው በኩል እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ሲወጣም ቀድሞት በወጣው ሽቦ ጥልፍ ውስጥ ልክ እንደ ብሎን እየዞረ ይገባል። ልኩ ሲደርስ በጉጠት ይቆረጥና ጫፉ ከጎረቤቱ ጫፍ ጋር ይታጠፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም ቋጠሮ፥ አንድም ብየዳ የለም። አንዱን ሽቦ መልሰህ እያዞርህ ብታወጣው አጥሩ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ይለያል። በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ቻርልስ ባርናርድ የተባለ የብረታ ብረት ሰው፥ በ1844 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ የሱፍ መሸመኛ አይቶ ሽቦ የሚሸምን መኪና እንደ ሠራ ይነገራል። እኔም መዘውሩን ለጥቂት ጊዜ እንዳዞር ተፈቀደልኝ፤ በማግስቱ ክንዴን ማንሣት አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ልክ መውሰድ ነበረብኝ። የማረፊያውን አጥር ተጠግቼ በሜትር ልለካ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቦታ ማንም የሚለካበት ቦታ አይደለም ብለው በጥሩ ቃል መለሱኝ፤ እውነታቸውንም ነው። ስለዚህ የእኛኑ የኳስ ሜዳ አጥር ለካሁ። የአንዱ ዓይን ጎን 5 ሳንቲሜትር፥ የሽቦው ውፍረት 3 ሚሊሜትር፥ የቋሚው ቱቦ ውፍረት 5 ሳንቲሜትር፥ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ነው። ለ100 ሳካፍለው ዓይኑ ግማሽ ሚሊሜትር፥ ሽቦው ደግሞ 0.03 ሚሊሜትር ሆነ። ይህ ከሰው ጸጉር የቀጠነ ነው። እንዲህ ያለውን ሽቦ በመርፌ ላይ እየጠመጠምሁ እሸምናለሁ ብዬ የነበረኝ ሐሳብ በዚያው ቀረ።

የሽቦውን ነገር የፈታችልኝ አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። የሙሽራ ዓይነ ርግብ የሚሠራበት ቱል የተባለው ጨርቅ ዓይኑ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከሚያስፈልገኝ እጥፍ ቢሆንም ከዚያ የተሻለ አላገኘሁም። ቁርጥራጩን በነጻ ሰጠችኝ። የቱል ዓይን ስድስት ማዕዘን ነው፤ የአጥር ዓይን ግን በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። ይሁን እንጂ ጨርቁን በአንድ በኩል ሳብ ስታደርገው ዓይኑ ይጠብብና የአጥሩን መልክ ይይዛል። የትኛው ጎን እንደሚሳብ ለማወቅ ብርሃን ባለበት መስኮት ላይ ይዞ በሁሉም አቅጣጫ መሞከር ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

አሁን ስሕተቴን ልናገር። ቱሉ ነጭ ስለ ነበረ የብር ቀለም በብሩሽ ቀባሁት። ቀለሙ በዓይኖቹ ሁሉ ውስጥ ገብቶ ደረቀ፤ አጥሩም ቆርቆሮ መሰለ። ሁለተኛውን ቀለሙን አቅጥኜ ቀባሁት፤ ዓይኖቹ አልተደፈኑም፥ ግን እንዲያ ከማንጸባረቁ የተነሣ ከሩቅ ሲታይ አልጋ ላይ የተሰቀለ አጎበር ይመስል ነበር። ጓደኞቼ «ወባ ለአውሮፕላን ያሰጋል ወይ?» እያሉ ተሳለቁብኝ። ልኩ ትክክል ነው፥ ቅርጹ ትክክል ነው፤ ታዲያ ስለ ምን አጥር አይመስልም? ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት አለፈ።

መልሱ የመጣልኝ ከመጽሐፍ አይደለም። ታላቅ እኅቴ በአዲስ አበባ ሥራ ላይ ሳለች ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ተጀመረና ሳናያት ሁለት ዓመት አለፈ፤ ከዚያም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ስልክ ስለሌለ ድምፅዋን እንኳ አልሰማንም። ተቋርጦ የነበረው የመንገደኞች በረራ ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር፥ እርስዋ ትኬት ያገኘችው በጥር ወር ነበር። እናቴና እኔ ከማለዳ ጀምሮ ከብዙ ሰው ጋር በውጭ ቆመን ስንጠብቅ ጣቶቼን በአጥሩ ዓይን ውስጥ አስገብቼ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ሽቦውን ሁሉ አውቄው ነበር፤ የዛገውን፥ የላላውን፥ ከታች ፌስታል የተያዘበትን። እኅቴ ከሩቅ ብቅ ስትል ግን አጥሩ ጠፋ። ጠፋ ስል ዐይኔ ሽቦውን ማየት ተወ ማለቴ ነው። እናቴ «እንቋዕ ብደሓን መጻእኪ» እያለች ወደ በሩ ስትሮጥ የነጠላዋ ጥለት በአንድ የሽቦ ጫፍ ተይዞ ተቀደደ።

ይህን ሁሉ ያስታወስሁት አንድ ማታ ያንን አጎበር መሳይ ሥራዬን ፊት ለፊት አስቀምጬ ስመለከት ነው። ዐይን ሽቦውን ሲያይ ማዶውን አያይም፥ ማዶውን ሲያይ ሽቦውን አያይም። የእኔ አጥር ግን ከየትም ቢታይ «እኔን እዩኝ» ይል ነበር። እንግዲህ ሥራው ሽቦውን ማሳየት ሳይሆን መደበቅ ነው፤ ሰው አጥር መኖሩን የሚያውቀው በቋሚዎቹ፥ በመርገቡ፥ ከሥሩም በተጠራቀመው አቧራ ነው።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተቃና። የብር ቀለሙን ትቼ የእርሳስ ጫፍ በምላጭ እየፋቅሁ ዱቄቱን አወጣሁ፤ አዲሱን ቱል በካርቶን ላይ ወጥሬ ዱቄቱን በጥጥ አሸሁት። የእርሳስ ዱቄት ዓይኑን አይደፍንም፥ መልኩም ዝናብ የመታው ብረት ነው፤ አያንጸባርቅም። ለቋሚዎቹ የአሮጌ የስልክ ገመድ ልጬ ውስጡን መዳብ አወጣሁ፤ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር ስለ ሆነ ከ5 ሳንቲሜትሩ ቱቦ ጋር ልክ ነው። የተጣመመውን መዳብ ለማቅናት በሁለት ጠፍጣፋ እንጨት መካከል አድርጎ ማንከባለል ነው። እያንዳንዱን ቋሚ 3 ሳንቲሜትር ተኩል አድርጌ ቆረጥሁ፤ ግማሽ ሳንቲሜትሩ ወደ ሰሌዳው ይገባል፥ ከላይ ደግሞ ግማሽ ሳንቲሜትሩ እሾሃማው ሽቦ እንዲቀመጥበት ወደ ውጭ ይታጠፋል። በመካከላቸው 3 ሳንቲሜትር ተውሁ፤ በጥግ ላይ ላለው ቋሚ ግን ሰያፍ ድጋፍ በሁለት በኩል ሰጠሁት፤ የእውነተኛው አጥር ውጥረት ሁሉ የሚያርፈው በጥጉ ላይ ነውና።

ማጣበቁን በሰሌዳው ላይ መሞከር ሞኝነት ነው። ቋሚዎቹን በካርቶን ላይ በተሠመረ መሥመር አስተኝቼ በስፒል አያያዝኋቸው፤ ካርቶኑ ከሥራው ጋር እንዳይጣበቅ አስቀድሜ ሻማ ቀባሁት። ማጣበቂያውን ከቱቦው በቀጥታ ማፍሰስ አይገባም፤ በመርፌ ጫፍ ጠብታ እያነሡ መንካት ብቻ ነው። ቱሉን ቅድም ያልሁትን ያህል ከሳብሁት በኋላ በመካከል ትንሽ እንዲረግብ ለቀቅ አደረግሁት፤ በላይና በታች ቀጭን ሽቦ አለፈበት። ለእሾሃማው ሽቦ ተራ የስፌት ክር ተጠቀምሁ። ክርን በሻማ ቢስቡት ጭረቱ ይተኛል፤ እኔ ግን ሆን ብዬ ተውሁት፥ ያ ጭረት በዚህ መጠን ሲታይ እሾሁን ይመስላልና። ይህ ከሥራዬ ሁሉ የምኮራበት ነው።

በመጨረሻ አጥሩን ማቆሸሽ ነበር። የአካባቢያችንን ነጭ የኖራ ድንጋይ ወቅጬ በወንፊት ነፋሁና ዱቄቱን ከአጥሩ ሥር በእስትንፋሴ በተንሁት። ከፌስታል በምላጭ ጥቂት ሰማያዊ ብጣሽ ቆርጬ ከታች አጣበቅሁ፤ የክበባችን ኃላፊ መምህር ይህን ሲያዩ «የከተማችንን ገመና ነው የምታሳየው?» ብለው ነበር፥ በኋላ ግን ይቆይ አሉ። ከበሩ አጠገብ ካለው ሦስተኛው ቋሚ ላይ ደግሞ ከእናቴ የተቀደደ ነጠላ የመዘዝሁትን አንድ ነጭ ክር ሰቀልሁ። ርዝመቱ ሁለት ሚሊሜትር ስለ ሆነ ለማንም አልተናገርሁም።

በወላጆች ቀን እናቴና እኅቴ መጡ። እናቴ መነጽርዋን ስላልያዘች አውሮፕላኑን አደነቀች። እኅቴ ግን ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ ተመለከተችና «የቆማችሁት እዚህ ጋ አልነበረም፤ ከዚያኛው ቋሚ ወዲህ ነበር» አለችኝ። እኔ ሦስተኛው ነው አልሁ፤ እርስዋ አምስተኛው ነው አለች። ለማሳየት ጣትዋን ስትዘረጋ ጥለቱ ያለበትን ቋሚ ነካችውና ዘመመ፤ በጣም ደነገጠች። ላቀናው ብዬ ነበር፤ መዳብ ተደጋግሞ ከታጠፈ እንደሚሰበር ስለማውቅ እንዲሁ ተውሁት።

አምሳያው በክበቡ ክፍል በመስኮቱ በኩል ይገኛል። የተረፈው ቱል አንድ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከስልኩ ገመድና ሻማ ከተቀባው ካርቶን ጋር በሣጥኑ ውስጥ ነው። በሚመጣው ዓመት የሕንፃውን ሌላ ጎን የሚሠሩ ተማሪዎች ካሉ አጥሩን ከእኔ ቋሚዎች ቀጥለው መትከል ይችላሉ፤ እርሳሱ ግን ስላለቀ ይግዙ፥ ለስላሳው ከጠንካራው ይሻላል።